ለሌለ እንቅርት የተሳሉልኝ ስለት

ይህ የሆነው ባለፈው ሐምሌ ነው፤ እዚሁ አትላንታ፣ ሊልበርን። ከአእምሮዬ ያልወጣው በአንድ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የምር ታምሜ አውቃለሁ፤ ያኔ ማንም ደጄን አልረገጠም። ባልታመምኩት በሽታ ግን ከዱሉዝ እስከ ቡፎርድ ሃይዌይ ያለ ሀበሻ ተሰልፎ ጠየቀኝ።

ስሜን አልጽፍም፤ ሂሩት በሉኝ። ትራንስጀንደር ሴት ነኝ። ስወለድ ቤተሰቤ "ወንድ ነው" ብሎ ገንፎ በልቷል። እኔ ደግሞ ካደግኩ በኋላ ገንፎውን ሳላስመልስ የራሴን ኑሮ ይዣለሁ። ዲቪ ደርሶኝ መጀመሪያ የኖርኩበት ከተማ የድሮ ስሜን የሚያውቅ ሰው ስለበዛብኝ ወደ አትላንታ ተዛወርኩ። እዚህ ማንም አያውቀኝም። በአፕ የሚጠራ ታክሲ እነዳለሁ፣ ቢሌን እከፍላለሁ፣ አርፌ እኖራለሁ።

የምኖረው እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴትዮ ቤዝመንት ተከራይቼ ነው። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ምሳ ቀርቦ ካልመጣሁ ደረጃው አናት ላይ ቆመው "ይቺ ልጅ ምን ሆነች?" ይላሉ። ያቺን ቤት ባጣ ሌላ ክፍል አላጣም፤ እሳቸውን የመሰለ ሰው ግን ከየት አባቴ አመጣለሁ? ስለዚህ ስለ ራሴ ምንም ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ካወቁ ያስወጡኛል የሚል ፍርሃት ነበረብኝ።

ከድሮው የቀረችኝ ማንቁርቴ ነበረች፤ ያቺ ወንዶች ጉሮሮ ላይ ወጣ ብላ የምትታየው። በዋጥኩ ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደች ታሳብቅብኛለች። አትላንታ በሐምሌ ስትቀቅለን እኔ አንገቴ ላይ ስካርፍ ጠምጥሜ ስነዳ ተሳፋሪው ሁሉ ከበረደሽ ኤሲውን አጥፊው ይለኛል። እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ያንን ስካርፍ ሲያዩ ሲያዩ ኖረው፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ እንቅርት አለባት ብለው ወስነዋል። እኔም አላስተባበልኩም። ዝም አይነቅዝም።

በመጨረሻ ማንቁርቴን የማስሞረድ ቀጠሮ አገኘሁ። ነገሩ ቀላል ነው። አገጭ ስር ትንሽ ይቀድዱና የወጣችውን ሞርደው ይዘጉታል፤ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት መውጣት ነው። ችግሩ መውጫው ላይ መጣ። ክሊኒኩ "ማደንዘዣ ስለምትወስጂ በታክሲ መሄድ አይቻልም፣ የሚረከብሽ ሰው ያስፈልጋል" አለኝ። እንግዲህ እዩልኝ። የከተማውን በሽተኛ ከሆስፒታል ቤቱ የማደርስ ሴትዮ ለራሴ ሲሆን ታክሲ ተከለከልኩ። እመጣለሁ ያለችኝ ጓደኛዬ ዋዜማው ላይ "ሺፍቴን ቀየሩብኝ፣ ሶሪ" ብላ ቴክስት አደረገች። ቀጠሮው ካመለጠ ደግሞ እንደገና ወራት መጠበቅ ነው።

ምን ላድርግ፣ ለእትዬ ጥሩነሽ "ነገ አንገቴን ልታከም ነው፣ የሚመልሰኝ ሰው አጣሁ" አልኳቸው።

"እንቅርቱን ነዋ። ድሮ አውቄዋለሁ እኮ" አሉና ለወንድማቸው ለጋሽ መርሻ ደወሉ።

ጋሽ መርሻ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱ የሊሞ ሹፌር ናቸው። ሰው ያደርሳሉ፣ ወሬም ያደርሳሉ፤ ወሬውን በነፃ። በማግስቱ ቀዶ ጥገናው አልቆ ሐኪሟ ስታሰናብተኝ ለሳምንት እንዳልናገር፣ ማንሾካሾክም ከመናገር የባሰ ጉሮሮ እንደሚጎዳ፣ ፈሳሽና ለስላሳ ነገር ብቻ እንድወስድ አዘዘችኝ። ማንሾካሾክ የተከለከለ ሀበሻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷ አይገባትም። ጋሽ መርሻ ተረክበውኝ ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ውስጥ እንደገባን ስልካቸውን ስፒከር ላይ አደረጉና "አዎ አንገቷን ነው። ቀደዷት። ኧረ ምን ትናገራለች፣ ድምጿ ሄዷል" እያሉ ለአንዱ ጨርሰው ለሌላው ይቀጥላሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ እጄን አወዛውዛለሁ። አላዩኝም። ሊልበርን ስንደርስ ድምፄ ላይመለስ ሄዷል፤ ወሬው ዱሉዝ ሲደርስ ደግሞ ካንሰር ሆኗል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት እኔ ላይ ደረሰ፤ ለዚያውም እንቅርቱ ሳይኖረኝ።

ከዚያ ጥየቃው ጀመረ። የእትዬ ጥሩነሽ የማኅበር ሴቶች በሙሉ፣ የማላውቃቸው ባሎች ጭምር፣ ቤዝመንቱን ሞሉት። የማይናገር በሽተኛ ለጠያቂ እንዴት እንደሚመች ያየሁት ያኔ ነው። አያቋርጥም፣ አያርምም። አንዷ የሐሞት ጠጠሯን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምራ አወራችልኝ። ሌላዋ ተልባ አመጣች፣ ሌላዋ አጥሚት፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ጉሮሮዬ የለሰለሰው በዚያ ነው። አንዷ ግን ጥብስ ይዛ መጣች። በሽተኛዋ እንደማትበላው ሲነገራት "ለአስታማሚዎቹ ነው" አለችና ከአስታማሚዎቹ ጋር ተቀምጣ ጨረሰችው።

የሚያስፈራው የሲስተር ጽጌ መምጣት ነበር። ሲስተር ጽጌ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የማኅበሩ ሐኪም ግን እሷ ናት። ሰው ከስፔሻሊስት ተመልሶ እሷን ያስፈቅዳል። ገና ከመቀመጧ የስልኳን መብራት አብርታ ፕላስተሬ ላይ አጎነበሰች።

"የእንቅርት ኦፕራሲዮን እኮ ዝቅ ብሎ ነው" አለች። "ይሄ ለምን አገጯ ስር ሆነ?"

ሁሉም አንገቴን ያያል። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ፤ እትዬ ጥሩነሽ ማንኪያ እንደያዙ ቆመዋል፣ እኔ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ሲስተር ጽጌ ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች።

"አሃ፣ አዲሱ ዘዴ ነው። አሁን ጠባሳው እንዳይታይ ብለው ከላይ ነው የሚገቡት።"

ሁሉም ተነፈሰ። "የፈረንጅ ጥበብ" ተባለ። ሲስተር ጽጌ ከአሁን በኋላ አላውቅም የምትለው ነገር ይኖራል ብዬ አልጠብቅም፤ አለማወቋ ግን ያን ቀን አዳነኝ።

ያን ዕለት ያላመለጥኩት ሌላ ወሬ ነበር። ትራሴን ከፍ አድርጋ ያስተካከለችልኝ፣ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ስታሽልኝ የቆየች አንዲት ደግ ሴትዮ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ገበያ ውስጥ ያየችውን ማውራት ጀመረች። "ግዙፍ ወንድ ነው፣ ቀሚስ ለብሶ ሊፒስቲክ ተቀብቶ። ቅርጫቴን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ስምንተኛው ሺህ ማለት ይሄ ነው።" ሌሎቹም "በስመ አብ" እያሉ አማተቡ። እጇ ግን እግሬን አልተወም፤ ሞቃት እጅ ነበር። እንባዬ መጣ። አመማት ብለው ተጨማሪ ተልባ ሰጡኝ። እትዬ ጥሩነሽ "በሽተኛ ፊት እንዲህ ዓይነት ወሬ ተዉ" ብቻ ነው ያሉት። ለሐኪም ትዕዛዝ ብዬ ዝም አልኩ ብዬ እንዳልዋሻችሁ፤ ትዕዛዙ ባይኖርም አልናገርም ነበር።

ሳምንቱ አልቆ ድምፄ ሻከር ብሎ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሌ "እትዬ" ነበር። እሳቸው ሰምተው ተንበረከኩ። ከዚያ መኝታ ቤታቸው ገብተው ዘርፏ ወርቅ የመሰለ የቤተክርስቲያን ጃንጥላ ይዘው መጡ።

"ለገብርኤል ተስዬ ነበር። እንቅርቷን ነቅለህ ድምጿን መልስልኝ ብዬ። እሁድ ክብረ በዓሉ ነው፣ አጠገቤ ትቆሚያለሽ። በማይክ ይነገራል።"

ክብረ በዓሉ በቀኑ የሚውለው በሥራ ቀን ነበር። ገብርኤልም አሜሪካ ከመጣ ወዲህ እንደኛው እስከ ዊክኤንድ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ጨነቀኝ። ሲስተር ጽጌን ማታለል አያቅተኝም፤ እሷ ራሷ ስትረዳኝ አይታችኋል። ጋሽ መርሻን ማታለልም አያስፈልግም። ግን ልጅ ሆኜ መብረቅ ሲመታ "ገብርኤል ተቆጣ" ሲባል አልጋ ስር የምገባ ነኝ። ነቅሎ የማያውቀውን እንቅርት በገዛ ግቢው፣ በማይክ፣ ነቀለ ሲባልለት አጠገቡ ልቆም ነው? እኚህ ሴትዮ ደግሞ ለውሸት ስለት ሊያስገቡ ነው? ብናገር እሳቸውን አጣለሁ። ዝም ብል ከእሳቸው ጋር በአንድ ማዕድ የምቀመጠው እኔ አይደለሁም፣ ያቺ እንቅርታም ናት።

በማግስቱ ወጥ ቤት ጎመን ሲከትፉ አገኘኋቸው።

"እትዬ፣ እንቅርት የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም" አልኩ። "ስወለድ ወንድ ተብዬ ነው። ያስሞረድኩት ማንቁርቴን ነው።"

ቢላዋው ቆመ።

"ካንሰሩስ?" አሉ።

"እሱ የጋሽ መርሻ ነው፣ እትዬ።"

አልሳቁም። እጃቸውን ታጠቡና ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ደረጃው አናት ላይ የሚጣራ ጠፋ። ከላይ እግራቸው ሲሄድ እሰማለሁ፤ ወደ እኔ አይመጣም። ልብሴን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል መክተት ጀመርኩ፣ ዱሉዝ ውስጥም ክፍል አየሁ። ክፍሉ ከዚህኛው ይሻላል፣ የራሱ መግቢያ አለው። ተመልሼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ ነጭ በነጭ ለብሰው ጃንጥላዋን ብብታቸው ስር ይዘዋል። ፌስታሎቹን አዩ።

"ነጠላ አለሽ? ተከናነቢና መኪናሽን አስነሺ። መርሻ ኤርፖርት ነው።"

መንገዱን ግማሽ ያህል ሄድን። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ፊት ለፊታቸውን እያዩ ተናገሩ።

"ስሳል 'ይቺን ልጅ ከቢላዋ በደህና አውጣልኝ' ብዬ ነው የጀመርኩት። እንቅርቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ገብርኤል አልጠየቀኝም። አወጣሽ አይደል? እንግዲህ ጃንጥላው የእሱ ነው። ከእሱ ጋር ዕዳ አልያዝም።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ክላክስ ተነፋብኝ።

"ሌላውን ገና አልገባኝም፣ አስብበታለሁ" አሉ። "ግን እዚያ ግቢ ውስጥ አፍሽን እንዳትከፍቺ። ለጽጌም፣ ለማንም። ይበሉሻል።"

ልስቅም ላለቅስም ፈለግኩ። ተቆጣሁም፤ መደበቅ ሰልችቶኝ እውነቱን ብነግራቸው እሳቸው ሌላ መጋረጃ ይሰጡኛል። ግን "ይበሉሻል" ነው ያሉት፣ "ታዋርጂኛለሽ" አላሉም። እሱን ይዤ ፓርክ አደረግኩ።

ግቢው ሰው ሞልቶታል፤ ስለት የሚያስገባው ተሰልፏል። ተራችን ሲደርስ እትዬ ጥሩነሽ ጃንጥላዋን ዘርግተው ማይክ ለያዘው ዲያቆን ጆሮ አጠገብ ተናገሩ። እኔ "አንገቷን ታማ የነበረች ተከራያቸው" ሲባል ልሰማ ራሴን አዘጋጅቻለሁ። ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠርጎ "እናታችን ወይዘሮ ጥሩነሽ ልጃቸው ሂሩት በደህና ስለተመለሰችላቸው" አለ። ያንን ብቻ ነው ያለው። በሽታ የለም፣ እንቅርት የለም።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሲስተር ጽጌ አለች፣ እግሬን ያሸችኝ ሴትዮም አለች፣ ሁሉም እኔን እያዩ እልል ይላሉ። በሕይወቴ አደባባይ ላይ እልል ብዬ አላውቅም ነበር፤ ድምፄና አንገቴ እንዳያሳብቁብኝ እፈራ ነበር። ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩት። የወጣው ድምፅ የተሰነጠቀ ነበር፣ መሃል ላይ ተቆረጠ። እትዬ ጥሩነሽ በክርናቸው ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ። አላቆምኩም።

አሁን እዚያው ቤት ነኝ። እትዬ ጥሩነሽ እያሰቡበት ነው፤ አልፎ አልፎ በመሃል አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ አንዳንዱ ያስቀኛል፣ አንዳንዱ ያመኛል፣ እመልሳለሁ። ሲስተር ጽጌ አንገቴን ለማታውቃቸው ሰዎች "አዲሱ ዘዴ" ብላ ታሳያለች። ያቺን እግሬን ያሸችኝን ሴትዮ ግን ሳገኝ አሁንም ሰላም ብያት ቶሎ አልፋለሁ። እጇ እውነት ነበር፣ አፏም እውነት ነበር። ብታውቅ የትኛው እንደሚቀር ስለምጠረጥር አልነግራትም። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን አውቀው ያልሄዱት እትዬ ጥሩነሽ ብቻ ናቸው። ለጊዜው ይበቃኛል። ለሁልጊዜ ግን አይበቃኝም።