ዝቅ ብሎ የተቃኘው ጊታር

ዊልፍ ሂንግሊ ያን ቀን ጠዋት ቁርስ አልበላ አለው። ሚስቱ ዶሪን የጠበሰችለትን እንቁላል በሹካ ሲያገላብጥ ቆይቶ ሳህኑን መሬት ላይ ለውሻው አስቀመጠለት።

«ቀብር ነው እንዴ የምትሄደው?» አለችው።

«የመጨረሻው ኮንሰርት ነው። ያው ነው።»

«ሰውየው ጡረታ ሊወጣ ነው እንጂ ሊሞት አይደለም። ውሻውንስ ለምን ታሳምምብኛለህ?»

ዊልፍ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ያስፈራው መለያየቱ አልነበረም። የፈራው ሁሉም ሮይ የሚለው ዘፋኙ ሮይስተን ፌሬዴይ ዛሬ፣ በገዛ አገሩ ሰው ፊት፣ ለዓመታት የተደበቀበትን ነገር እንዳያውቅ ነው።

ሁለቱ የተገናኙት ልጅ ሳሉ፣ ክሬድሊ ሂዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ ሰንሰለት በሚቀጠቀጥበት ፋብሪካ ነበር። ሮይ በታላቁ መዶሻ ስር ይሠራል፤ ዊልፍ ደግሞ ያለቀውን ሰንሰለት በትንሽ መዶሻ እየነካካ የተሰነጠቀውን ቀለበት በድምፁ ይለያል። ሮይ ሥራ ላይ መዝፈን ይወድ ነበር። መዶሻው ሲወርድ ማንም ስለማይሰማው ከመዶሻው በላይ መጮህ ለመደ። ጋሪ ቢሰል የሚባል ጎረምሳ ጊታሩን ይዞ መጣና ያንኑ የመዶሻ ድምፅ በክር አወጣው። «የእቶን ደወል» የተባለው ቡድን የተወለደው እንደዚህ ነው። ዊልፍ መጫወት አይችልም፤ ጆሮው ግን አይስትም። ስለዚህ ጊታር ቃኝ ሆነ፣ ቃኝ ሆኖም አረጀ።

መጀመሪያ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ዞሩ። የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ጋዜጦቹ «ፋብሪካ ሲፈርስ የተቀዳ» ብለው ቀለዱባቸው፤ የክሬድሊው ቄስ ደግሞ በስብከታቸው አወገዟቸው። የሮይ እናት ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫዋን ቀይራ ከፊት መቀመጥ ጀመረች። ቄሱ ዓይኗን እያዩ ያውግዙ ብላ ነው። ከዚያ የጀርመን፣ የብራዚል፣ የጃፓን ጉዞ መጣ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ድምፃቸው በእነዚህ ሰዎች ዘፈን ውስጥ ቀረ። ዛሬ ጃኬታቸው ላይ የጨርቅ ዓርማ የለጣጠፉ ወጣቶች ከፊንላንድ ድረስ መጥተው በተዘጋው ፋብሪካ በር ላይ ፎቶ ይነሳሉ። ሄቪ ሜታል የሚባለውን ጯሂ የጊታር ሙዚቃ ከሚጫወቱት ሁሉ ከእነሱ ያልወሰደ የለም ይባላል።

ከሁሉ በላይ የታወቀው «ሰንሰለት ሠሪዎቹ» የተባለው ዘፈናቸው ነው። መጨረሻው ላይ ሮይ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ጩኸት ይጮሃል። ሌላ ዘፋኝ ሲያረጅ፣ ከፍ ያለው ዜማ እንዳይከብደው ቡድኑ ጊታሮቹን ዝቅ አድርጎ ይቃኝለታል፤ በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፣ ማንም አያፍርበትም። ሮይ ግን ይጸየፈው ነበር። «እኔ እንደ መጀመሪያው አልበም ነው የምዘፍነው። ጊታሩ ዝቅ ያለ ቀን እኔ የለሁም» ብሎ ለየጋዜጣው ተናግሯል።

ጊታሩ ዝቅ ካለ ቆይቷል። አንድ ክረምት ኦስሎ ላይ ሮይ ጉንፋን ይዞት ደም እስኪተፋ ሲጮህ ቢሰል ዊልፍን ጥግ ወስዶ፣ «ትንሽ አውርደው፣ አይታወቀውም» አለው። አልታወቀውም። ሮይ ድምፁን ከጊታሩ እየወሰደ ነው የሚዘፍነው፤ ጊታሩ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። በማግስቱ «ድምፄ ተመለሰ!» ብሎ እንደ ሕፃን ሲደሰት ዊልፍ እውነቱን መናገር አቃተው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ አወረዱት። ዊልፍ ክሮቹ እንዳይላሉ በወፍራም ክር ቀየራቸው። ከዚያ ወዲህ ሮይ ጊታር ባነሳ ቁጥር ዊልፍ እንዳይነቃበት ይሰጋል።

የዛሬውን ጣጣ ያመጣው ራሱ ሮይ ነው። አባቱ ይጫወቱበት የነበረውን የክሬድሊ የሠራተኞች ማርሽ ባንድ ለመጨረሻው ዘፈን ጋበዘ። ለሁሉም ድንገተኛ ደስታ እንዲሆን ለማንም አልነገረም። ዊልፍ ያወቀው በርሚንግሃም ከተማ፣ ኮንሰርቱ የሚደረግበት አዳራሽ ጓሮ ሲደርስ፣ ቀይ ኮት የለበሱ ሽማግሌዎችና ሴቶች ጡሩምባቸውን ታቅፈው ከአውቶቡስ ሲወርዱ አይቶ ነው። ቆም አለ። ጡሩምባ እንደ ጊታር ዝቅ ተደርጎ አይቃኝም።

መሪያቸው ሚስስ ኦክሊ፣ ፋብሪካው ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረ የአንድ ሟች ጓደኛው እህት፣ እጇን ዘረጋችለት።

«ዊልፍ! ሞተሃል ብለውኝ ነበር።»

«ገና ነኝ። ስሚ፣ ሄለን፣ ዘፈኑን ከየት ነው ያጠናችሁት?»

«ከአልበሙ ነዋ! ከየት ልናጠና ነበር?»

ጎትቶ ከአውቶቡሱ ጀርባ ወሰዳትና ጊታሮቹ ዝቅ ብለው እንደተቃኙ በሹክሹክታ ነገራት። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሙሉ አንድ የድምፅ እርከን እናውርደው? ለዛሬ ማታ? ዊልፍ፣ ባስ ጡሩምባውን የሚነፋው አልፍ እኮ ሰማንያ ሊሞላው ነው። ይችን ዘፈን ለመልመድ ክረምቱን ሙሉ ጎረቤቶቹ ሲረግሙት ነው የከረመው። አሁን የጣትህን አቀማመጥ ሁሉ ቀይር ልበለው?»

«አትችሉም ማለት ነው?»

«ግማሾቹ ይችላሉ። ግማሾቹ ደግሞ እንደ ድመት ጠብ ይሆናሉ።»

ዊልፍ ወደ ቢሰል ሮጠ። ቢሰል ከመድረኩ ጀርባ ድንች እየበላ ነበር፤ ሲሰማ መብላቱን አቆመ።

«ጊታሮቹን ወደ ላይ ብንመልስስ?» አለ ዊልፍ።

«ጉሮሮው ይቀደዳል። በገዛ አገሩ፣ በቴሌቪዥን ፊት! አይሆንም። ጡሩምባ ነፊዎቹን መልሳቸው። መኪናቸው ተበላሸ በል፣ የፈለግከውን በል።»

ግን ዘግይተዋል። መድረኩ ላይ ማርሽ ባንዱ ልምምድ ጀምሯል፣ ሮይም የማር ሻዩን ይዞ፣ ረጅም ነጭ ጸጉሩን እያወዛወዘ፣ ፈገግ እንዳለ ገባ። ሮጠው ደረሱ። ሮይ ማይኩን አነሳና ከጡሩምባዎቹ ጋር ገባ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ፊቱ ቀላ። ሦስተኛው ላይ አንገቱ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ተገተሩ። አቆመ።

«ከፍ አለብኝ» አለ። «ለምን ከፍ አለ? ተሳስተዋል እንዴ?»

«አዎ፣ ተሳስተዋል» አለ ቢሰል ወዲያው። «አማተሮች ናቸው፣ ሮይ፣ ምን ታደርገዋለህ?»

የማርሽ ባንዱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌው አልፍ ጡሩምባውን ከአፉ አውርዶ፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ሁሉ፣ ጎንበስ አለ። ሚስስ ኦክሊ ዊልፍን ብቻ አየችው። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እሱም «አዎ፣ ተሳስተዋል» ቢል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል፤ ሮይም እንደኮራ ጡረታ ይወጣል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ አፍረው ወደ አውቶቡሳቸው ይመለሳሉ።

«እነሱ አልተሳሳቱም» አለ ዊልፍ። «እኛ ነን ዝቅ ያልነው።»

ሮይ ቀስ ብሎ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ኦስሎ ላይ ከታመምክ ጀምሮ።»

«ያኔ እናቴ በሕይወት ነበረች» አለ ሮይ። የሻይ ኩባያውን አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን በር ከውስጥ ቆለፈ። ቢሰል አንኳኳ፣ የሮይ ሚስት ደወለች፣ አልከፈተም። ዊልፍ ጊታሮቹ መካከል ተቀመጠ። አንዱን እንደ ዘንድሮው ዝቅ አድርጎ ቃኘው፤ ሌላውን ክሩን አውልቆ በቀጭኑ ቀየረውና እንደ ድሮው ወጠረው፤ ባስ ጊታሩንም እንደዚሁ። የትኛውን እንደሚሰጥ አያውቅም። ሮይ ጨርሶ ወደ መድረክ ይውጣ አይውጣም አያውቅም። አዳራሹ እየሞላ፣ ሰዉ እየዘመረ፣ መሬቱ ከእግሩ ስር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሮይ ወጣ። ሌላ ጊዜ በየዘፈኑ መካከል ወደ ዳር መጥቶ ባዶ ኩባያውን ይዘረጋል፤ ዊልፍ ሻይ ይቀዳለታል፤ አንድ ስድብ ጣል አድርጎበት ይመለሳል። ያን ምሽት ግን አንድም ጊዜ ወደ ዳር አልመጣም። ውሃ ነበር የሚጠጣው። ዊልፍ የሻዩን ፔርሙስ በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ።

የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ። ቀይ ኮት ለባሾቹ ሲገቡ ሕዝቡ ጮኸ። ሮይ ወደ ዳር መጣ።

«እንደ ድሮው የተቃኘውን ለቢሰል ስጠው።»

«ሮይ፣ ጉሮሮህ…»

«ጉሮሮዬ የኔ ነው። ስጠው ብያለሁ።»

ዊልፍ ጊታሩን ለቢሰል አቀበለ። ዘፈኑ ተጀመረ። ሮይ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች በግድ አለፋቸው። ከዚያ በኋላ ድምፁ መሻከር ጀመረ፣ ከፊት ያሉት ወጣቶች ፊት ላይ ጥርጣሬ ታየ። ዊልፍ ዓይኑን መጨፈን ፈለገ፣ አልቻለም። መጨረሻው መጣ። ሮይ አፉን ከፈተ። እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ያለ ነገር ወጣና ተሰበረ።

ሮይ ማይኩን ይዞ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጠና ወደ ጡሩምባዎቹ ሄደ። ማይኩን ከፊት ረድፍ ኮርኔት የተባለውን ትንሽ ጡሩምባ ከምትነፋው ሴትዮ ፊት ደቀነና «አንቺ ያዥው!» ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ ሚስስ ኦክሊን አየች፣ ሚስስ ኦክሊ እጇን አነሳች፣ ያ ቀጭን ጩኸት ከነሐሱ ወጥቶ ጣሪያውን ነካ። ሮይ ከሥሩ፣ በቀረው ወፍራም ድምፁ፣ ፋብሪካ ውስጥ በመዶሻው ስር ያንጎራጉር እንደነበረው አብሯት ገባ።

መብራቱ ሲበራ ሮይ በላብ ርሶ ወደ ዳር መጣ። ዊልፍ ፊት ቆመ፣ አየው። ሮይ ኩባያውን ዘረጋ። ዊልፍ ሲቀዳ ግማሹ እጁ ላይ ፈሰሰ። ሮይ አንዴ ጎንጨት አለ።

«ቀዝቅዟል» አለ። «ይሄንንስ ስንት ዓመት ደበቅከኝ?»

ተቆጥቶ ይሁን ቀልዶ ዊልፍ ሊለይ አልቻለም። የማይስተው ጆሮው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳው።

«ትኩስ ላምጣልህ?» አለ ፈራ ተባ እያለ።

ሮይ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፋና ኩባያውን መለሰለት።

«አምጣ» አለው።