የአስማማው የማስተማር ፈተና

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ከሮብ ገበያ በላይ ባለች አንዲት ደብር የሚያስተምሩት የኔታ አካለ ወልድ ዓይናቸው ፈዘዘ። ጆሯቸው ግን የዓይናቸውን ሥራ ደርቦ ይዞ ነበር። ገዳም ሊገቡ አስበው ወንበራቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአስማማው ሊያስረክቡ ተነሡ። በዙሪያው ያሉት የንባብ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ መምህራኑም ተበትነዋል። አስማማው ካልተመረቀ ሠላሳ አንዱ ልጆች መምህር የላቸውም። እሱም ቢሆን ከዚህ ወንበር ሌላ የተመኘው ነገር አልነበረም።

የኔታ ዓመት ሙሉ ሲያለማምዱት ከርመዋል። ልጅ ሲሳሳት ቶሎ እንዳይነግረው፣ ጅራፍ ከማንሣቱ በፊት ልጁ እህል መቅመሱን እንዲጠይቅ አስተምረውታል። «ጅራፍማ እረኛም አለው» ይሉት ነበር።

ግንቦት ላይ ከወይራው ሥር ተቀመጡና፣ «እንግዲህ እኔ የለሁም ብለህ አስቀጽላቸው» አሉት።

ልጆቹ በየተራ ቀርበው አነበቡ። መጨረሻ ላይ ድረስ የሚባለው ልጅ መጣ። ድረስ የባንዳ ልጅ ነው። አባቱ ጣሊያኖችን መርቶ፣ የአስማማውን ወንድም እንዳላማውን ከተሸሸገበት ዋሻ አስይዞ አሰቅሎታል። ልጁ መልእክተ ዮሐንስን አንበለበለው።

«በርታ፣ ተነሥ» አለው አስማማው፣ ፊቱን ሳያየው።

«ቆይ! ስንደዶው የታለ?» አሉ የኔታ። ጀማሪ ልጅ ሲያነብ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ስንደዶውን ጠቅ ያደርጋል። የድረስ ስንደዶ ግን ብራናውን ሲነካ አልተሰማም።

«ይዤዋለሁ፣ የኔታ።»

«መያዙንማ ያዝኸው፤ ሥራ ፈቶ ነው እንጂ!»

ልጆቹ ሳቁ። የኔታ ግን አልሳቁም። «አስማማው፣ ሌላ ገጽ ግለጥለት።»

ድረስ አዲሱ ገጽ ላይ አፈጠጠ። አንዲት ፊደል አልለየም። እስካሁን ጓደኞቹ ሲሉ እየሰማ በቃሉ ይዞ ነው የከረመው።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?» ሲሉ የኔታ አስማማውን ጠየቁት።

መዋሸት ይችል ነበር። «ከጥቅምት ጀምሮ።»

«ሰባት ወር! መታኸው?»

«አንድ ቀን አልመታሁትም።»

«ሰደብኸው?»

«ኧረ የለም። ግን… እንዳላማው እኮ ወንድሜ ነው፣ የኔታ።»

«አውቃለሁ። እሱንም ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ብትመታው ይሻለው ነበር። ዓይን እያለው አሳውረኸዋል፤ ያውም በርታ እያልህ።»

አስማማው የገለጠውን ብራና ዘጋው።

«ዛሬ አልመርቅህም» አሉት። «ገዳሙም ይቆየኝ፤ ክረምቱን እዚሁ እከርማለሁ። ይህ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ያነበበልኝ ዕለት ወንበሩ ያንተ ነው።»

ሌሎቹ ልጆች ወደየቤታቸው ተበተኑ። አስማማው የፊደል ገበታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ድረስን ጠራው። ልጁ ይመታኛል ብሎ እጅ እጁን ያያል።

«ፊደሉን እይ… ልጄ» አለው። የልጁንም ስንደዶ ሀ ላይ አስቀመጠለት።

ያን ቀን ከሀ ቤት ሳይወጡ መሸ።