የተንቀጠቀጠው የሸክላ ማጫወቻ ክንድ

አባቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ መናገር አቅቷቸው ነበር። የምንላቸው ሁሉ ይገባቸዋል፤ መልሱ ግን ከአፋቸው አይወጣም። ደስ ይላቸው እንደሆነ ብዬ፣ ከእንጅባራ ልጠይቃቸው ዳንግላ በመጣሁበት ቅዳሜ የድሮ ሸክላ ማጫወቻቸውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ከፈትኩላቸው።

ድምፁ ግን ሻካራ ሆነ። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር መርፌውን የያዘው ቀጭን የብረት ክንድ አብሮት ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ በደጅ የሚያልፉት ጋሪዎች ናቸው ብዬ ነበር፤ መንገዱ ጭር ሲልም ግን አልተወውም።

«ተይው ልጄ፣ አርጅቷል» አለች እናቴ።

ያን ጊዜ አባቴ ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን በጣታቸው ቀስ ብለው ነኩት። ድምፁ ወዲያው ጠራ። ጣታቸውን ሲያነሱ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

«ችግሩ ክንዱ ላይ ነው?» ስላቸው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከአሮጌ የብስክሌት ካላማደሪያ ቀጭን ጎማ ቆርጬ ክንዱ ላይ ጠቀለልኩበት። በዚህ የተነሳ ክንዱ ከበደ፤ ስለዚህ መርፌው ሸክላውን እንዳይጫነው ከበስተኋላ ያለችውን ማመዛዘኛ ብረት ወደ ኋላ ሳብኳት። አባቴ በእጃቸው «ትንሽ ጨምሪ» እያሉ ያሳዩኛል።

መርፌውን ሳስቀምጠው ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። አዝማቹ ሲደርስ አባቴ ቃሉን ሳይስቱ አብረው ዘፈኑ። እናቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እስኪ ይድገሙልኝ» አለቻቸው።

ደገሙላት።