ቶሎ ቶሎ የሚሸጠው ቤት

ድለላ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ዘሪሁን የሰጡኝ አንድ ቁልፍና አንድ ትእዛዝ ነበር። ቁልፉ ሸዋሮቢት ከገበያው ጀርባ ያለ ባለሦስት ክፍል ቤት ቁልፍ ነው። ትእዛዙ ደግሞ «በገበያ ቀን እንዳታሳይ» የሚል።

«ለምን ጋሼ?» አልኳቸው።

«በገበያ ቀን የሰው ልብ ገበያ ነው፤ ቤት በደንብ አያይም» አሉኝ። ጥሩ ምክር መሰለኝና ተቀበልኩ።

ጋሽ ዘሪሁን ዋና ደላላ ነበሩ። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ሳይነሱ ከጣርማ በር እስከ ካራቆሬ የሚሸጠውን ቤት ሁሉ ያውቃሉ። እኔ አሳይ ነበርኩ። አሳይ በር ይከፍታል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ገዢ ሲጠይቀው «ጋሽ ዘሪሁን ያውቃሉ» ይላል። ሌላ ነገር መናገር አይፈቀድለትም።

ቤቱ ያምራል። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሊሾ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። ከጓሮው የእሾህ አጥር ተነስቶ፣ በቤቱ ጎን አልፎ፣ እስከ ፊት ለፊቱ በር ድረስ ሣር የማይበቅልበት መስመር አለ። ሻጩን ታደሰ የሚባለውን የአይሱዙ ሾፌር ጠየቅኩት።

«የዝናብ ውሃ የሚሄድበት ነው» አለኝ። እኛ ቆላ ዝናብ ብርቅ ነው፤ እኔ ግን መስኮት ወደ መክፈቴ ተመለስኩ።

ቤቱን አቶ ግርማ የሚባል ባለሱቅ ገዛው። ታደሰ በዋጋ አልተከራከረም። ውል ሲፈርሙ ገዢውን አቅፎ ሳመው። ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ አምፖሎቹን እንኳን አልፈታም። በኋላ በሥራው ስበስል ይህን ምልክት ለይቼ አወቅኩት፤ ሻጭ አምፖሉን ትቶ የሚሄደው ሲቸኩል ነው።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ግርማ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ መጥቶ ቆመ። ከስቷል።

«ጋሽ ዘሪሁን፣ ቤቱን ይሽጡልኝ» አለ።

ጋሽ ዘሪሁን አልደነገጡም፤ ለምን ብለውም አልጠየቁም። «ቁልፉን ለሰይድ ስጠው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙና ሻያቸውን ጠጡ።

ቁልፉን ልቀበል ስሄድ መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው ጠየቅኩት። አቶ ግርማ ሰው አግኝቶ እስኪናገር የቸኮለ ይመስል ነበር።

«በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ግቢዬ ውስጥ ግመል ቆሟል» አለኝ። «ከኋላው ባለቤቱ አለ። እንዴት አደርክ አለኝ። ወዴት ነው ስለው፣ ወደ ገበያ አለኝ። ከእሱ ኋላ ሽንኩርት የጫኑ አህዮች፣ ከአህዮቹ ኋላ ሴቶች። ሁሉም ሰላም ይሉኛል፣ ሁሉም በግቢዬ ያልፋሉ!»

«የእሾህ አጥሩስ?»

«ይከፍቱታል፤ ሲወጡ ደግሞ አስተካክለው ይዘጉታል። ሥርዓት አላቸው።»

ውሻ ገዛ። ውሻው በሳምንቱ ከመንደሩ ጋር ተላመደና ሰዎቹን እስከ ገበያ እየሸኘ ይመለስ ጀመር። በመጨረሻ አቶ ግርማ በቤቱና በጎረቤቱ ግድግዳ መሀል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ በብሎኬት ዘጋት። ግመሎቹ ጓሮ ቀሩና የታጠበ ልብሱን በሉ። ሰዎቹ ግን በጓሮ በር ገብተው በሳሎኑ ማለፍ ጀመሩ።

«ምሳ ላይ ቁጭ ብለን ሽማግሌ ይገባሉ» አለኝ። «ሽማግሌ ሲገባ ምን ይደረጋል? ኖር ብዬ እነሳለሁ። እንብላ እላለሁ። ብሉ፣ ሶላት ሊያመልጠኝ ነው ብለው በፊት በር ይወጣሉ። ቁጭ ስል ሌላው ይገባል። እሱንም እንብላ ማለት ነው። አንዳንዱ እኮ ይቀመጣል! ሰይድ ይሙት፣ ትኩስ ወጥ ከበላሁ ቆየሁ።»

ሳቄን ለመደበቅ ቁልፉን ጣልኩና ጎንበስ አልኩ።

በዚያው ጎረቤት ያሉትን ሐጂ እንድሪስን አነጋገርኳቸው። የዚያ መንደር ትልቅ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ መንገዱ አይደለም ቤት ውስጥ የገባው» አሉኝ። «ቤቱ ነው መንገዱ ላይ የተቀመጠው። ወላሂ፣ መሠረቱ ሲቆፈር ተናግረናል።»

«ከዚያ ወዲህ ለገዙት ሰዎችስ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ማን ጠየቀን? ሁሉም ይመጣል፣ ግድግዳ ይደበድባል፣ ኮርኒስ አንጋጦ ያያል፣ ይሄዳል። እኛን እንደምን ዋላችሁ ያለም የለ።»

ወደ በረንዳው ተመለስኩ። «ጋሼ፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

«እንዴታ! በተሸጠ ቁጥር የድለላዬን አገኛለሁ፤ ያ ቤት እኮ ጡረታዬ ነው» አሉ። አላፈሩም። እንዲያውም ሁለተኛ ሻይ አዘዙ።

ቀጥሎ የመጡት ገዢ እትዬ ዘሀራ ነበሩ። አጣዬ ላይ ቤታቸው ተቃጥሎባቸው፣ ከልጃቸው ጋር ተከራይተው የሚኖሩ ሴት ናቸው። እንደታዘዝኩት ገበያ በሌለበት ቀን ወሰድኳቸው። ግድግዳ አልደበደቡም። ግቢው መሀል ቆመው ሣር ያልበቀለበትን መስመር በዓይናቸው እየተከተሉ አዩት።

«ይህ ቤት ስንት ጊዜ ተሸጧል?» አሉኝ።

«ጋሽ ዘሪሁን ያውቃሉ።»

«እሳቸውን አልጠየቅኩም። አንተን ነው።»

እትዬ ዘሀራ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ። «አንድ ቤት አመድ ሆኖብኛል፣ ልጄ። ያለኝ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው። ከዚህ ብወጣ መግቢያ የለኝም።»

የአሳይን ሕግ አሰብኩ፣ ጋሽ ዘሪሁንን አሰብኩ፣ ሴትዮዋን አየኋቸው።

«እትዬ፣ በገበያ ቀን ተመልሰው ይምጡ» አልኳቸው።

መጡ። ማለዳ ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አቶ ግርማ ነገሩ እንደተበላሸ ገብቶት የፊት በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ግመሎቹ መጡ፣ አህዮቹ መጡ፣ ሴቶቹ መጡ። ጓሮው ሞላ። እትዬ ዘሀራ ከየት እንደመጡ፣ ቁርስ በልተው እንደሆነ፣ ሲመለሱም በዚሁ ያልፉ እንደሆነ እያንዳንዱን ጠየቁ። ከሐጂ እንድሪስ ቤት ውሃ ለምነው ጠጡ፤ እዚያም ብዙ ቆዩ። እኔ ሌላ ሥራ ስለመፈለግ አስብ ነበር።

ሲመለሱ ቀሚሳቸውን አራግፈው «ገዝቻለሁ» አሉ።

አቶ ግርማ መስማቱን ተጠራጠረ። ታማኝ ሰው ነበርና «እትዬ፣ ግመሉን አይተዋል አይደል?» አላቸው።

«አይቻለሁ። አንተ ግመሉን ነው ያየኸው። እኔ ቁርስ ያልበላውን ባለግመል አይቻለሁ።»

ካርታውን፣ ዕዳና እገዳውን ማዘጋጃ ቤት አጣርተው ተዋዋሉ። እትዬ ዘሀራ መጀመሪያ ያደረጉት የአቶ ግርማን ግንብ ማፍረስ ነው። ከዚያ በመንገዱ ዳር አጥር አጠሩ፤ መንገዱን ከአጥሩ ውጭ ተዉት። በመንገዱ በኩል መስኮት አስከፈቱና ሻይና ሳምቡሳ መሸጥ ጀመሩ። የገበያ ቀን መስኮቱ ሥር መቆሚያ ይጠፋል። አልፈው የሚሄዱትም ቢሆኑ እንደምን አደሩ ሳይሏቸው አይሄዱም።

ጋሽ ዘሪሁን ጥቂት ጊዜ ጠበቁ። የለመዱት ሻጭ ሳይመጣ ሲቀር ራሳቸው ከበረንዳው ተነስተው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

«እትዬ ዘሀራ፣ ቤቱ አልከበደዎትም? ጥሩ ገዢ አለኝ» አሉ።

«ሻይዎን ይጠጡና ይለፉ፣ ጋሽ ዘሪሁን። ከኋላዎ ግመል ቆሟል» አሏቸው።

ዞር ሲሉ እውነትም ግመሉ ትከሻቸው ላይ ይተነፍሳል። ጋሽ ዘሪሁን ያን ያህል ፈጥነው ሲራመዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በረንዳው ስንደርስ «ጡረታዬን ገደልከው» አሉኝና፣ ካራቆሬ ያለ ሌላ ቤት ቁልፍ ሰጡኝ። «ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀሉትን ካላንደሮች እንዳታነሳ» አሉ። አነሳኋቸው። ግድግዳውን ምስጥ ጨርሶታል።

ዛሬ ድለላውን ትቻለሁ፤ ሰው ግን አሁንም ቤት ልገዛ ነው እያለ ይጠይቀኛል። መልሴ አንድ ነው። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ኮርኒስ፣ የማይከራከር ሻጭ ካያችሁ ቆም በሉ። ካርታውን ማዘጋጃ ቤት አጣሩ። ከዚያ ጎረቤት ዘንድ ገብታችሁ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ለምን እንደወጡ ጠይቁ። ጎረቤት ከተጠየቀ ይናገራል።