ለሽምግልና ስሄድ የዋጥኳት ኪኒን

ዶካ፣ ጎህ ሲቀድ

ሎሪው ማሽላ ጭኗል። እኔን የሚያሳክከኝም ይኸው ማሽላ ነው፤ ሲወቃ የሚቦነው አቧራ። ጆንያው ላይ ወጥቼ ስቀመጥ ገና ፀሐይ አልወጣችም፣ እኔ ግን ክንዴን ጨርሼ ወደ አንገቴ ተሻግሬያለሁ። ከአዝመራው ወዲህ እንዲህ ነኝ። ሰውነቴ ላይ ቀይ እብጠት ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ይወጣል። አርፎ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ረስቼዋለሁ።

ሹፌሩ ዑስማን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ወይ ቁጭ በል ወይ ውረድ፤ ጆንያዬን ልትቀደው ነው" አለኝ በዐረብኛ።

"ለወንድሜ ሚስት ልለምን ነው የምሄደው" አልኩት በገበያ ዐረብኛዬ።

"እንዲህ እየታከክህ?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ታናሽ ወንድሜ ታከለ፣ ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈልገው ሸሽቶ ወደ ሱዳን ከተሻገረ ወዲህ ዘመዱ እኔ ብቻ ነኝ። ኸሽም ኤል ቂርባ ጥጥ ሲለቅም ዓለምነሽ ከምትባል የጎንደር ልጅ ጋር ተዋደዱ። አባቷ አቶ ፈንታሁን ግን በዚህ ሳምንት ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ፖርት ሱዳን ሊሄዱ ነው። ዛሬ ካልተለመነች ሄደች ማለት ነው።

አገር ቤት ቢሆን አባትየው ጎረቤት ልከው ዘራችንን ያስጠይቁ ነበር። እዚህ ማንን ይጠይቃሉ? የሚያዩት የሽማግሌውን ፊትና እጅ ነው። ሽማግሌው ሲታከክ ካዩ፣ በዘራቸው የቆዳ ደዌ አለ ብለው በሩን ይዘጉብናል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እዘጋለሁ።

ገዳሪፍ፣ ረፋዱ ላይ

ገበያው የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። አህያ፣ ግመል፣ የእህል ነጋዴ፣ ነጭ ጥምጣም፣ አቧራ። እኔ ሁሉንም የማየው እየታከክሁ ነው። ከሎሪው ወርጄ በቀጥታ ወደ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ክንዴን አገላበጠና "ሐሳሲያ" አለ፤ አለርጂ ማለቱ ነው።

"ይጋባል?"

"አይጋባም።"

"በዘር ይወረሳል? ደዌ ነው?"

"ደዌስ አይደለም። ከአቧራው ራቅ።" ኪኒን ጻፈልኝ። "ማታ ስትተኛ አንድ። ቀን እንዳትውጥ፣ እንቅልፍ ያመጣል። ውጠህ መኪና እንዳትነዳ።"

መኪና የለኝም ብዬ ወጣሁና ኪኒኑን ገዛሁ።

አያ ደምለው አውቶቡሱ ጋ ቆመው ይጠብቁኛል። የአገሬ ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ውስጥ ሽምግልና ሲኖር የማይጠሩበት የለም። ጋቢያቸው ነጭ፣ ከዘራቸው የተወለወለ። ገና ሲያዩኝ፣ "እጅህን ጋቢህ ውስጥ ክተት" አሉኝ።

ሸዋክ፣ ቀትር

አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ፉል፣ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ዝንብ። አያ ደምለው እየበሉ ሥርዓቱን ያስጠኑኛል።

"ቁጭ በሉ ቢሉን አንቀመጥም። ልጄን ሰጥቻለሁ ሳይሉ የተቀመጠ ሽማግሌ ነገሩን አቃለለው ማለት ነው። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ትቆማለህ። መቆም ያቅትሃል?"

"መቆሙስ አያቅተኝም።"

ያቃተኝ እጄ ነው። ገና ይህን ስናወራ ጀርባዬን ከግድግዳው ጋር እፈትጋለሁ። ፉሉን የሚያቀርበው ሰውዬ ሳህኑን አስቀምጦልኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። የማላውቀው ሰው እንዲህ ከሸሸኝ፣ ልጁን የሚለመን አባት ምን ሊሆን ነው? ኪኒኗን አውጥቼ በሻይ ዋጥኳት።

አያ ደምለው አዩኝ። "ሐኪሙ ማታ ዋጥ ብሎኛል አላልክም?"

"ቂርባ እስክንደርስ መቼስ ይመሻል" አልኩ። እንደማይመሽ ሁለታችንም እናውቃለን።

ኸሽም ኤል ቂርባ፣ ከሰዓት በኋላ

ቦዩ፣ ጥጡ፣ ከሩቅ ግድቡ። ማሳከኩ ለቀቀኝ። ከስንት ቀን በኋላ ሰውነቴ የራሴ ሆነ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀጥሎ ግን ዓይኔ ከበደኝ።

አቶ ፈንታሁን ከሣር በተሠራ ዳሳቸው ሥር ተቀበሉን። ቁጭ በሉ አሉን፣ ቆምን። አያ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠርገው ከእግዚአብሔር ሰላምታ ጀመሩ፤ ወደ አገር፣ ወደ ስደት፣ ወደ ልጆች ዕድል ገቡ። ንግግሩ ያምራል፣ ግን አያልቅም። ጥርሴን ነከስሁ፣ ምላሴን ነከስሁ። "ልጅዎን ለልጃችን" ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ጠፍር አልጋ ላይ ተጋድሜያለሁ። ፀሐይ ወደ ጥጡ አዘቅዝቃለች። አያ ደምለው ከዘራቸውን ተደግፈው እዚያው ቦታ ቆመዋል። አቶ ፈንታሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

"ለግማሽ ሽማግሌ መልስ አልሰጥም ብዬ ነው የጠበቅሁህ" አሉ። "ጠጥተህ ነው?"

"አይደለም። መድኃኒት ውጬ ነው።"

"የምን መድኃኒት?"

አያ ደምለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ውሸት ለመፍጠር ሞከርሁ፣ አልመጣልኝም።

"የማሳከክ" አልኩ። "የማሽላው አቧራ ነው። ሐኪሙ ሐሳሲያ ይባላል፣ አይጋባም፣ ደዌ አይደለም ብሎኛል። ታከለ የለበትም። ስታከክ አይተው ዘራችንን እንዳይፈሩ ብዬ፣ የማታውን በቀን ዋጥሁት።"

ከዳሱ ጓሮ የሴት ልጅ ሳል ተሰማ።

"ተኝተህ እጅጌህ ተሰብስቦ ነበር" አሉ አቶ ፈንታሁን። "ክንድህን አይቼዋለሁ። ሰካራም ነው ብዬ ላባርራችሁ ስል፣ 'ይንቃና ጠይቀው' ያለችኝ ዓለምነሽ ናት። እኔም የጠበቅሁት አፍህ ምን እንደሚል ነው።"

ይህን ሲሉ ማሳከኩ ከክርኔ በላይ ጀመረኝ። ጣቶቼን ጋቢው ውስጥ ጨበጥሁ። ወደ ትከሻዬ ወጣ፣ አንገቴን ያዘኝ። አቶ ፈንታሁን ጋቢዬ ሲንቀሳቀስ ያያሉ።

"እከከው" አሉኝ።

"ግድ የለም።"

"እከከው እንጂ ሰውዬ። ዘመድ ፊት ምን ይታፈራል?"

እንቅልፉ ገና አልለቀቀኝምና ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። እጄን አውጥቼ አንገቴን ማከክ ስጀምር፣ ጠፍር አልጋው ከጎኔ ሲጢጥ አለ። ዞር ብዬ አየሁ። አያ ደምለው ተቀምጠዋል።