የጣልከውን አንሳው

ጌታ ይባረክ ወገኖች! ፓስተር አምስት ደቂቃ ብሎኛል፤ ስፋቴን አይታችሁ ግን ትንሽ ጨምሩልኝ። ጌታ በጉልበቴና በልቤ የሠራውን ሳልመሰክር ከዚህ አልወርድም።

ለማታውቁኝ፣ በአሜሪካን ፉትቦል ላይንማን ነበርኩ። ኳስ አልይዝም፣ ጎል አላገባም። ኳርተርባኩ ኳሱን እስኪወረውር ድረስ ሊጥለው የሚመጣውን ሰው ፊት ለፊት ቆሜ ማስቆም ነው ሥራዬ። ቴሌቪዥን ላይ ስሜ የሚጠራው ሳጠፋ ብቻ ነበር። ቢሆንም ሥራዬን አውቅበት ነበር፤ ጌታ በሰጠኝ ትከሻ ዛሬም እኮራለሁ!

ሳንሆዜ የመጣነው በስምንት ዓመቴ ነው። እማዬ፣ ያቺውላችሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት እያነሳችና እያስተኛች ነው ያሳደገችኝ። ሃይስኩል የመጀመሪያ ጌሜን ልታይ መጣች። አንዱን ልጅ በጀርባው ዘረርኩት። ሰው ሁሉ ይጮህልኛል፣ እማዬ ግን ከቦታዋ የለችም። ለካ ዞራ ከማዶ ሄዳ የልጁን እናት፣ "ሶሪ፣ ማይ ሰን ነው፣ ቬሪ ሶሪ" እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች! አትሳቁ ወገኖች፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መኪና ውስጥ፣ "ማም፣ ኢትስ ማይ ጃብ!" አልኳት።

"ጃብህ ከሆነ ጣለው። ግን የጣልከውን አንሳው። ትተኸው ስትሄድ አይቼሃለሁ" አለችኝ።

አላነሳሁም። ኮሌጅ ተጫወትኩ፣ ፕሮፌሽናል ሆንኩ፣ አንድም ሰው አላነሳሁም። ቸርችም ተውኩ። እማዬ ከየጌሙ በፊት ኮል ታደርግና፣ "ዛሬ ፊት ለፊትህ የሚቆመው ልጅ ቁጥሩ ስንት ነው?" ትለኛለች። ለእሱም ልትጸልይ! "አንቺ የማን ደጋፊ ነሽ?" እያልኩ እቆጣ ነበር።

ፕሮፌሽናል በሆንኩ በአራተኛው ዓመቴ የተጋጣሚያችን ዘጠና አራት ቁጥር ለባሽ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ጅማቱ ሲበጠስ ሰማሁት። ኦፕራሲዮን ያደረገኝ ዶክተር፣ "ትራመዳለህ፤ ጨዋታውን ግን እርሳው" አለኝ። እማዬ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሜ ሲወድቅብኝ የተቀረጸችውን ቪዲዮ ደጋግሜ አያለሁ። ሆን ብሎ ነው፣ ሆን ብሎ ነው እላለሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከጉልበቴ ይልቅ ጥላቻው ነበር የሚያመኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ዘጠና አራት ቁጥር ነው! በሩን ሞልቶት ቆሟል። እማዬ ሳትነግረኝ በቡድኑ አድራሻ ካርድ ልካለታለች፤ "ልጄ ላይ የወደቅከው አንተ ነህ። አልተቀየምኩህም። እየጸለይኩልህ ነው" ብላ። እዚሁ አጠገባችን ኦክላንድ ለጌም ሲመጣ ካርዱ ላይ ያለውን አድራሻ ይዞ መጣ። "ካንተ ጉዳት በኋላ ሰው መምታት ፈራሁ" አለኝና አለቀሰ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።

ልመታው ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ግን ያ የተዘረጋ እጅ አሸነፈኝ። እኔ ለማንም ያልዘረጋሁት እጅ! ያዝኩት፣ አነሳኝ፣ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን አለቀስን። "እማዬ ጸልዪልኝ፣ ጌታን እፈልገዋለሁ" አልኳት። እጇን ጉልበቴ ላይ ጫነች፣ የእሱንም እጅ ጎትታ ጨመረች። ሃሌሉያ! ጥላቻው የዚያኑ ቀን ለቀቀኝ። ጉልበቴ ዓመት ፈጀ፤ በላብም በእንባም ነው የተመለሰው። ዶክተሩ ግን እግሬን አጥፎ ዘርግቶ፣ "ይሄን አልጠበቅኩም" አለ። እኔ ጠብቄ ነበር! ክብር ለስሙ ይሁን!

ተመልሼ ሁለት ዓመት ተጫወትኩ። ከዘጠና አራት ቁጥር ጋር እንደገና ተገናኘን። ማዘን የለም፣ ወገኖች፣ በጀርባው ዘረርኩት! ከዚያ ጎንበስ ብዬ እጄን ሰጠሁት። እየሳቀ ተነሳ። ሲያልቅ ስልኬን ሳየው እማዬ ናት፤ "አየሁህ" ብቻ ብላ ጽፋለች። ካገኘሁት ሁሉ የምኮራው በዚያች ቃል ነው።

ዛሬ ወድቀህ ያለኸው ወንድሜ፣ የወደቅሽው እህቴ፣ ጌታ እጁን ዘርግቷል፣ ያዙት። ከብጃለሁ አትበሉ። ሦስት መቶ ሃያ ፓውንድ ከሶፋ ያነሳ ጌታ እናንተን አያቅተውም!