የአንድ ከሰዓት ዶክተርነቴ

እህቴ ዶክተር ያደረገችኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌላው ስንት ዓመት የሚማረውን እሷ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችልኝ።

ዕለቱ ለልጇ ሽማግሌ የሚመጣበት ነበር። የወንዱ ቤተሰብ ኢንጂነር አለው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አለው፣ ውጭ አገር የተማረም አይጠፋም። በእኛ በኩል የተማረ ሰው ተፈልጎ ተፈልጎ እኔ ላይ ተደረሰ። እኔ ደግሞ ለእህቴ አልበቃኋትም።

"ዶክተር ናት ብያቸዋለሁ" አለችኝ። "ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ደረጃ አራት ነርስ ነኝ።"

"እና ለሽማግሌ ቁስል አጣቢ እህት አለችኝ ልበል?"

"ቁስል አጣቢ" ቤተሰቤ ያወጣልኝ ስም ነው። ክር ፋብሪካ ስሠራ ማንም ስም አላወጣልኝም ነበር። ከፈረቃ መልስ የሰው ደብተር እየተዋስኩ፣ የማላውቀውን ቃል ብቻዬን እየፈታሁ፣ በማታው ትምህርት ተመርቄ፣ ሲኦሲ የሚሉትን የብቃት ፈተና አልፌ የሙያ ፈቃዴን ይዤ ስመጣ ግን አገሩ ሁሉ ስም አውጪ ሆነ። የእህቴ ባል እንኳ "ያ ሁሉ ትምህርት ፋሻ ለመጠቅለል ነው?" ይለኝ ነበር። ቆርቆሮ እግሩን የቆረጠው ቀን በአንድ እግሩ እየዘለለ የመጣው ግን እኔው በር ላይ ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ "ሲስተር" ነበርኩ። ሲድን የድሮ ስሜ ተመለሰልኝ።

ለማንኛውም ለልጅቷ ስል ዝም አልኩ።

ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው። አፈ ጉባኤያቸው የልጁ አጎት፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ንግግራቸውም እንደ ድሮው ባቡር ነው፤ ለመነሳት ጊዜ ይፈጃል፣ ከተነሳ በኋላ ግን የሚያቆመው የለም። እህቴ ስታስተዋውቀኝ "ዶክተር!" ብለው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉልኝ።

ምን ልዋሽ፣ ጣፈጠኝ። ፊት ለፊት ያለው ሶፋ ተለቀቀልኝ። ስለ ኑሮው፣ ስለ መንገዱ፣ "ዘንድሮ ዝናቡን እንዴት ያዩታል ዶክተር?" እየተባለ ስለ ዝናቡ ሳይቀር ተጠየቅኩ። "ደህና ይመስላል" ስል አራቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ስለ ደመና ምን አውቃለሁ? ስለማውቀው ስለ ቁስል ስናገር እንዲህ የነቀነቀልኝ ሰው ግን አላስታውስም።

አጎትየው ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታቸው በፊት ከኮታቸው ኪስ የክኒን ካርድ አወጡ።

"ዶክተር፣ እግዜር ነው ያገናኘን። ይኼ የግፊት ክኒን አንገሸገሸኝ። ከተውኩት ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ይዣለሁ፣ ምንም አላመመኝም። ልጆቼ ግን 'ሐኪም ሳይፈቅድ!' እያሉ ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል። እርስዎ 'ይተዉት' ካሉኝ፣ በቃ፣ እነሱም ይተዉኛል።"

እህቴ ከጓዳው በር ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። አንድ ጊዜ ራሴን ብነቀንቅ ነገሩ ሁሉ አለቀ። እኔም ዶክተር ሆኜ እቀራለሁ፣ እህቴም ትኮራለች፣ ሰውየው ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋቸው ሳይነሱ ይቀራሉ።

"አባባ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም" አልኳቸው።

አጎትየው የክኒን ካርዱን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

"ታዲያ ምንድን ነሽ?" አሉኝ። ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" የወረድኩትም እንደ ሹመቴ በአንድ ትንፋሽ ነው።

"ነርስ ነኝ፣ ደረጃ አራት። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ግፊት እለካለሁ። ክኒን አስቁሚ ብሎ የፈቀደልኝ የለም። ይልቅ ክንድዎን ይስጡኝ።"

ጎረቤት ደረጃ ላይ እያስቆመ "እስቲ ለኪኝ" ስለሚለኝ መለኪያዬ ከቦርሳዬ አይለይም። አወጣሁት።

"እግርዎን አያጣምሩ። ጀርባዎን ያስደግፉ። አምስት ደቂቃ ደግሞ ምንም አይናገሩ።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

"ልጅ ልጠይቅ እኮ ነው የመጣሁት!"

"ልጅቷ የትም አትሄድም። እንደገና ከተናገሩ ከዜሮ እንጀምራለን።"

ሊናገሩ የተላኩ ሽማግሌ አፋቸውን ገጥመው ሲቀመጡ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ያንን አምስት ደቂቃ ዘመን አይጨርሰውም። ሦስቱ ያለ እሳቸው አንድ ቃል መጀመር አልቻሉም። ከጓዳ የእህቴ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። "አዋረደችኝ! በልጄ ቀን!"

መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። በሌላው ክንዳቸው ለካሁ፣ ያው ነው።

"ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ" አልኳቸው። "ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐኪሙ ይነግርዎታል።"

"አላመመኝም ስልሽ!"

"ክፋቱ እሱ ነው። ሳያንኳኳ ነው የሚገባው።"

እየተነጫነጩ እጅጌያቸውን ሲያወርዱ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ የራሳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። "እግረ መንገድሽን..." አሉ ቀስ ብለው። ሦስተኛውም ኮታቸውን አወለቁ። የእህቴ ልጅ የተጠየቀችውም የተሰጠችውም የሁሉም ግፊት ከታወቀ በኋላ ነው።

እህቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። "ውሸታም አስባለችኝ" እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ያልሆነችውን እንዳስባልኳት!

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ አቃቂ በሰቃ በምሠራበት ክሊኒክ ቁስል እያሸግኩ ሳለሁ ጥበቃው እየሳቀ መጣ።

"ሲስተር፣ አንድ አባት በር ላይ አሉ። ስምሽን አያውቁትም። 'ያቺን ዶክተር ያልሆነችውን ጥራልኝ' ነው የሚሉት።"

እዚያ ግቢ ውስጥ ዶክተር ያልሆነ ሞልቷል፤ ራሱ ጥበቃው አለ፣ የካርድ ክፍሏ አለች፣ የጽዳቷ እናት አሉ። እሱ ግን በቀጥታ እኔ ጋ ነው የመጣው።

እጄን ታጥቤ ወጣሁ። አጎትየው አግዳሚው ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያጣምሩ፣ አንድ እጅጌያቸውን እስከ ላይ ሰብስበው ተቀምጠዋል።

"እንደምን አደሩ አባባ? ክኒኑን ጀመሩ?"

አልመለሱልኝም። ክኒኑን ከኪሳቸው አውጥተው ብቻ አሳዩኝ፤ ግማሹ አልቋል። ከዚያ በጣታቸው ወደ ግድግዳው ሰዓት ጠቆሙኝ። ገና ሁለት ደቂቃ ይቀራቸዋል።